ረጅም ኳስ፦ ጥፋቱ የኳሱ ነው ወይስ የቆጣሪው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ኳስ ከሚያሳዩት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እያየሁ ነበር። ግብ ጠባቂው ኳሷን እግሩ ሥር አስቀምጦ ጥቂት ካመነታ በኋላ ወደ ተቃራኒው ሜዳ አሻግሮ ለጋት። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ «ኧረ ጠለዛ! ይሄም ኳስ ነው?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሳይበርድ አንዱ አጥቂ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ አወረዳት፤ ሌላው ደርሶ ወደ ግብ መታት፤ ቋሚውን ታክካ ወጣች። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ራሱን ይዞ ብድግ አለ። ጎልማሳውም አብሮ ተነሥቷል።

ረጅም ኳስ እኛ ዘንድ እንደ ስድብ ነው። አንድን አሠልጣኝ ለማሳጣት «ቡድኑ ይጠልዛል» ማለት ይበቃል። እንግሊዞች ግን በዚህ ጉዳይ ሌላ ታሪክ አላቸው። በአንድ ወቅት ረጅም ኳስን የአገር መመሪያ አድርገውት ነበር። ኋላ አፍረውበት ለብዙ ዓመታት ሸሹት። አሁን ደግሞ ተመልሶ መጥቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የውድድር ዘመኑ ገና ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግብ ጠባቂዎች ረጅም ምትና በቀጥታ ወደ ግብ ክልል የሚጣል ረጅም የእጅ ውርወራ በፕሪሚየር ሊጉ በርክቶ ታየ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የሆነው ጀርመናዊው ቶማስ ቱሄልም ረጅሙ ውርወራ መመለሱን ጠቅሶ፣ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ነገሩን እንደሚያስብበት ተናገረ። በዚያች አገር ይህን መናገር ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌ ቁስል መንካት ነው።

ለመሆኑ ረጅም ኳስ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እኔ የኳስ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ሳነብ ከአሠልጣኝ ይልቅ ሕግ የተማረን ሰው የሚያናድድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከመነሻው እስከ መድረሻው የማስረጃ ጉዳይ ነውና።

ቆጣሪው መኮንን

ቻርልስ ሪፕ በ1904 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ሥራው በአገሩ አየር ኃይል ውስጥ ሒሳብ ነበር። በ1933 የአርሰናል ተጫዋች የነበረው ቻርልስ ጆንስ ስለ ቡድኑ አጨዋወት የሰጠውን ገለጻ ከሰማ ጀምሮ ኳስ በፍጥነት ወደፊት መሄድ አለባት የሚል እምነት አደረበት። መጋቢት 18 ቀን 1950 ስዊንደን ታውን ከብሪስቶል ሮቨርስ ሲጫወቱ ሜዳ ተገኝቶ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የስዊንደን አዝጋሚ የማጥቃት እንቅስቃሴ አንጀቱን አቃጠለው። ለሁለተኛው አጋማሽ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጣና መቁጠር ጀመረ። በዚያ አጋማሽ ብቻ የስዊንደንን 147 የማጥቃት ሙከራዎች መዘገበ፤ አብዛኞቹ መና የቀሩ ናቸው።

ሰውየው ከዚያ በኋላ መቁጠሩን አላቆመም። በ1951 ላለመውረድ ይታገል የነበረውን ብሬንትፎርድን ረዳ፤ ቡድኑም ተረፈ። ቀጥሎ ከዎልቨርሃምፕተኑ አሠልጣኝ ስታን ከሊስ ጋር ሠራ። ዎልቭስ በ1954፣ በ1958 እና በ1959 የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ዘመን ነው። በ1958 የተደረገውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በግድግዳ ወረቀት ጥቅልል ላይ እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ እንደ መዘገበውም ይነገራል። በ2002 ሲሞት ኳስ በቁጥር ይጠናል የሚለውን ሐሳብ ለዓለም ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ነው። ዛሬ ትልልቅ ክለቦች በደመወዝ የቀጠሯቸው የቁጥር ባለሙያዎች በአንድ በኩል የእሱ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ወደ ጥፋቱ ከመግባቴ በፊት ይህን ክብሩን መስጠት ተገቢ ይመስለኛል።

በ1968 ሪፕ በርናርድ ቤንጃሚን ከተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ከ1953 እስከ 1967 የተደረጉ 578 ጨዋታዎችን ያካተተ ነበር። አንድ ቡድን ኳስ ካገኘ ጀምሮ እስኪያጣት ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ተቀባበለ ተቆጥሯል። ውጤቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከግቦቹ 80 በመቶ ያህሉ የተገኙት ከሦስት በማይበልጥ ቅብብል ነው። አንድ ግብ ለማግኘት ደግሞ ወደ አሥር የሚጠጋ ሙከራ ያስፈልጋል። ከዚህ የተወሰደው ድምዳሜ ግልጽ ነበር፤ ግብ የሚገኘው በአጭር ቅብብል ብዛት ከሆነ፣ መቀባበሉ ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው፤ ኳሷን አሻግራት!

ያልተጠየቀው ጥያቄ

አንድ የፖሊስ አዛዥ ችሎት ቀርቦ «ባለፈው ዓመት ከያዝናቸው 10 ሌቦች 8ቱ ጥቁር ጫማ ያደረጉ ነበሩ፤ ስለዚህ በከተማው ጥቁር ጫማ ያደረገ ሁሉ ይፈተሽልኝ» ቢል ዳኛው ምን ብለው ይጠይቁታል? «ለመሆኑ በከተማው ጥቁር ጫማ የሚያደርገው ሰው ስንት ነው?» ይሉታል። ከ10 ሰው 9ኙ ጥቁር ጫማ የሚያደርግበት ከተማ ከሆነ የአዛዡ ማስረጃ ተገላበጠ ማለት ነው። ጥቁር ጫማ ያደረገው ሰው ከሌላው ያነሰ ይሰርቃል።

የሪፕ ጥናት በትክክል እዚህ ላይ ወደቀ። ያውም ማስረጃው ሌላ ቦታ የተደበቀ አልነበረም፤ እዚያው ጥናቱ ውስጥ ነበር። ከጨዋታዎቹ እንቅስቃሴዎች ሁሉ 91.5 በመቶው ከሦስት ያልበለጠ ቅብብል የነበራቸው ናቸው። ኳስ እንዲህ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነካች በኋላ ትጠፋለች። እንግዲህ አስሉት። 91.5 በመቶ የሆኑት አጭር እንቅስቃሴዎች ያስገኙት 80 በመቶ ያህሉን ግብ ነው። 8.5 በመቶ ብቻ የሆኑት ረጃጅም የቅብብል ሰንሰለቶች ደግሞ የቀረውን 20 በመቶ ያህል ግብ አስገኝተዋል። በአንድ እንቅስቃሴ ሲሰላ የብዙ ቅብብሉ ፍሬ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው ማስረጃ በራሱ ላይ ይመሰክርበት ነበር፤ እሱ ግን ግቡን ቆጠረ እንጂ ግብ ያልሆነውን አላካፈለም።

ይህን ያየ ሰው ቸኩሎ «በቃ፣ ረጅም ኳስ ተፈረደበት» ይላል። እኔ ግን እዚህም ላይ ቆም በሉ እላለሁ። አሥር ጊዜ መቀባበል የሚችል ቡድን ብዙውን ጊዜ ከተጋጣሚው የተሻለ ቡድን ነው። ግቡን ያመጣው ቅብብሉ ነው ወይስ የተጫዋቾቹ ብቃት? የመኪናው ባለቤት ሀብታም ስለሆነ መኪና ሀብታም ያደርጋል አይባልም። በ2005 ማይክ ሂዩዝ እና ኢያን ፍራንክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የ1990 እና የ1994 የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን መርምረው፣ ሪፕ ያላደረገውን ማካፈል አደረጉት። ረዘም ያለ ቅብብል የሚያካሂዱ ጎበዝ ቡድኖች ብዙ የግብ ሙከራ እንደሚያገኙ አረጋገጡ። በሌላ በኩል ግን ከሙከራ ወደ ግብ የመለወጡ መጠን በቀጥተኛው አጨዋወት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ አይሰወርም። ኳሷ በፍጥነት ስትሻገር ተከላካዩ ቦታውን አልያዘም፤ ስለዚህ የተገኘችው ሙከራ ጥሩ ሙከራ ናት። ችግሩ አብዛኛዋ ኳስ እዚያ ሳትደርስ መጥፋቷ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች የድርሻቸውን ይዘው ከችሎቱ ወጡ ማለት ይቻላል።

ምክር መመሪያ ሲሆን

ሪፕ አንድ ግለሰብ ነው። ምክሩን የፈለገ ይወስደዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ነገሩ የከፋው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የአሠልጣኞች ትምህርት ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ሂዩዝ (ከላይ ከጠቀስኩት ተመራማሪ ጋር የስም ተመሳሳይነት ብቻ ነው ያላቸው) ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ነው። በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ 109 ጨዋታዎችንና 202 ግቦችን መርምሮ 87 በመቶው ግብ ከአምስት ባልበለጠ ቅብብል መገኘቱን አስታወቀ። ያው የጥቁር ጫማ ማስረጃ ነው። ኳሷ የት ብትላክ ግብ የመሆን ዕድሏ ከፍ ይላል የሚለውን ደግሞ ስም ሰጥቶ፣ በሩቁ ቋሚ አካባቢ ያለውን ቦታ «ከፍተኛ ዕድል ያለበት ቦታ» ብሎ አስተማረ።

ሂዩዝ ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ተነቦ ይረሳ ነበር። እሱ ግን የአሠልጣኝነት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሰው ነው። በአገሪቱ ሕፃናትን የሚያሠለጥን ሰው የሚያልፈው በማኅበሩ ኮርስ ነው። የአንድ ሰው የተሳሳተ ስሌት በዚህ በኩል ወደ አሥር ዓመት ልጅ ይደርሳል። እሑድ ጠዋት በጭቃ ሜዳ የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ኳስ የሚያቆምና ቀና ብሎ የሚያይ፣ «አሻግራት!» ተብሎ ይጮህበታል። ካላሻገራት ይቀየራል። ከጎኑ ያለው ከዕድሜው በላይ የረዘመው ልጅ ግን ይሰለፋል። የማኅበሩ ተቺዎች ለዓመታት የጮኹት ይህንኑ ነው። ቡድን ቢሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ያሸንፋል፤ በ12 ዓመቱ ለቁመቱ ተብሎ የተገፋ ልጅ ግን በ20 ዓመቱ ተመልሶ አይመጣም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሲሆን ሊቨርፑል እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በ1977፣ በ1978፣ በ1981 እና በ1984 የአውሮፓ ሻምፒዮን መሆኑ ነው። ሊቨርፑል ኳስ የሚቀባበል ቡድን ነበር። ሕግ አውጪው በመስኮቱ አሻግሮ ቢያይ ምስክሩ ደጁ ላይ ቆሟል።

ኦስሎ ላይ የተሸነፈው ማን ነው?

አሁን ወደ ግራሃም ቴይለር እንምጣ። ቴይለር ዋትፎርድን በ1977 ተረክቦ፣ በዘፋኙ ኤልተን ጆን ሊቀ መንበርነት፣ ከአራተኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ1982 አንደኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ገባ። በ1983 ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ1984 በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸነፈ። ኳሷ ቶሎ ወደፊት ትሄዳለች፤ ከተነጠቀች እዚያው ተጋጣሚው ሜዳ ላይ ተሯሩጠው ያስመልሷታል። ሉተር ብሊሴት በ1982/83 በ27 ግቦች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ የሆነው፣ ጆን ባርንስም ታዳጊ ሆኖ ስሙን ያስጠራው በዚያ ቡድን ነው። ይህን ቡድን «ጠላዥ» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቴይለር በ1990 የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 1993 እንግሊዝ ኦስሎ ላይ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከ1994ቱ የዓለም ዋንጫም ቀረች። ጋዜጦቹ ሰውየውን የማይባል ስድብ ሰደቡት። በሕዝቡ ዘንድ የተሰጠው ፍርድም «ረጅም ኳስ እንግሊዝን ገደላት» የሚል ነበር። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል።

ነገር ግን እንግሊዝን ያሸነፈችው ኖርዌይ ምን ትጫወት ነበር? ረጅም ኳስ! ያውም ከእንግሊዝ የባሰ።

የኖርዌይ አሠልጣኝ ኤጊል ኦልሰን፣ በቅጽል ስሙ ድሪሎ፣ በአገሩ የስፖርት ኮሌጅ መምህር የነበረ ቆጣሪ ነው። የሪፕን ሥራ ያውቃል። ልዩነቱ ኦልሰን የቅብብሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚውን አቋም ማየቱ ነው። ተከላካዩ ተደላድሎ ቆሟል ወይስ ተበትኗል? ከተበተነ ወዲያው ወደፊት፤ ከቆመ ደግሞ ሌላ መላ። ለቆመው መከላከል ያዘጋጀው መላ ዝነኛው የፍሎ ኳስ ነበር። ዮስታይን ፍሎ ረጅም አጥቂ ነው። እንደ ልማዱ መሐል ቢቆም እንደሱ ረጅም ከሆኑ የመሐል ተከላካዮች ጋር ይታገላል። ኦልሰን ወደ ቀኝ ክንፍ አወጣው። እዚያ የሚጠብቀው ቁመቱ አጠር ያለ የመስመር ተከላካይ ነው። ከግራ በኩል ስቲግ ኢንጌ ቢዮርንቢዬ ኳሷን በሰያፍ ወደ ቀኝ ያሻግራታል፤ ፍሎ በግንባሩ ያወርዳታል፤ አማካዮቹ አስቀድመው ሩጫ ጀምረዋል። ይህ የተሰላ ነገር ነው።

ከ1938 ጀምሮ የዓለም ዋንጫ አይታ የማታውቀው ኖርዌይ በ1994 እና በ1998 ተሳተፈች። በፊፋ ደረጃ እስከ ሁለተኛነት ወጣች። ሰኔ 23 ቀን 1998 ማርሴይ ላይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያን ጊዜ ከአራት ሚሊዮን ተኩል የማይበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት። የጃክ ቻርልተን አየርላንድም የዚሁ ዘመድ ናት። በ1988 የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 1 ለ 0 ረታች። በ1990 በመደበኛ ሰዓት አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። በኔዘርላንድስ ላይ አቻ ያደረጋት ግብ የመጣው ግብ ጠባቂዋ ፓኪ ቦነር ከለጋት ኳስ ነው። የኔዘርላንድሱ ተከላካይ ቫን አርለ ለግብ ጠባቂው መለሳት፤ ግብ ጠባቂው አመለጠችው፤ ኒያል ክዊን ተንሸራትቶ አስገባት።

ለፍትሕ ያህል ሌላውን ጎንም ልንገራችሁ። አየርላንድ በ1990 በአምስት ጨዋታ ያገባችው ሁለት ግብ ብቻ ነው። ኖርዌይ በ1994 በሦስት ጨዋታ አንድ ግብ አግብታ ከምድቧ ወደቀች። ሁለቱ ረጅም ኳስ ወዳዶች በዚያው ዓመት አሜሪካ ላይ ሲገናኙ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ያን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ትዕግሥቱን አደንቃለሁ።

የደካማ መከላከያ፣ የኃያል ልማድ

ከዚህ ሁሉ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። በሕግ ትምህርት መርህና ልዩ ሁኔታ የሚባል ነገር አለ። ራስን መከላከል በልዩ ሁኔታ የተፈቀደ ነው፤ መርህ ይሁን ቢባል ግን አገር ትፈርሳለች። ረጅም ኳስም እንዲሁ ነው። ለደካማው ቡድን ጥሩ መከላከያ ነው፤ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ሲሆን ግን ይበላሻል።

ለምን ለደካማው? ከሚበልጥህ ሰው ጋር ገበጣ የምትጫወት ከሆነ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር የመሸነፍህ ነገር እየተረጋገጠ ይሄዳል። ሳንቲም ወርውረን ይለይልን ብትለው ግን ዕድልህ እኩል ነው። ረጅም ኳስ ጨዋታውን ወደ ሳንቲሙ ያስጠጋዋል። ችሎታ የሚታይባቸውን አጋጣሚዎች ይቀንሳል፤ የግጭት፣ የንጥርና የስሕተት አጋጣሚዎችን ያበዛል። ለአየርላንድ ይህ ብልህነት ነበር። ከሊቨርፑል፣ ከማንቸስተርና ከለንደን ክለቦች ተጫዋች የሚመርጥ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ግን ሳንቲም ለመወርወር ምን አስቸኮለው?

ደካማው እንኳ ቢሆን ዘዴው ያለ ተጫዋቾቹ አይሠራም። ዊምብልደን በ1977 ወደ ሊጉ ገብቶ በ1986 አንደኛው ዲቪዚዮን የደረሰ፣ ግንቦት 14 ቀን 1988 ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን የወሰደ የረጅም ኳስ ቡድን ነበር። በ1999 ይህ ክለብ ራሱን ኦልሰንን ቀጠረ። ለጋብቻ የተፈላለጉ ይመስሉ ነበር። ኦልሰን የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ተሰናበተ፤ ዊምብልደንም ግንቦት 14 ቀን 2000 ወረደ። ዋንጫውን ካነሣ ልክ በ12 ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን ማለት ነው።

ዛሬ የተመለሰው ያው ነው?

ሁሉም አይደለም። በ1992 ተከላካይ ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ ግብ ጠባቂ በእጁ እንዳይይዝ ተከለከለ። በ2019 ደግሞ የግብ ምት ሲመታ ኳሷ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሳትወጣ የቡድን ጓደኛ እንዲቀበላት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ቡድኖች ከራሳቸው ግብ አፍ ላይ መቀባበልን ወግ አደረጉት። ተጋጣሚዎችም መልሱን አገኙ፤ ሰው ለሰው ይዘው እስከ ግብ ጠባቂው ድረስ ይጫኑ ጀመር። እዚህ ላይ ነው ረጅሟ ኳስ በሌላ በር የገባችው። አሥር ሰው ወደ አንተ ግብ ከመጣ የእሱ ሜዳ ባዶ ነው። ጥር 19 ቀን 2020 ሊቨርፑል ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለተኛዋ ግብ እንዲህ ነበረች። ዩናይትድ አቻ ለመሆን ግር ብሎ ወጥቷል። ግብ ጠባቂው አሊሰን አንድ ጊዜ ለጋት፤ ሳላህ ብቻውን ሮጦ አገባት። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 ሻምፒዮን ሲሆን ኳስ በመያዝ ከሊጉ ዝቅተኞች አንዱ ነበር። ማህሬዝ ከራሱ ሜዳ ያሻገራትን ኳስ ቫርዲ ሊቨርፑል ላይ ያስቆጠራት ግብ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ናት።

እንዲያውም ከዓለም ዋንጫ ውብ ግቦች ሁለቱን አስቡ። በ1998 ፍራንክ ደ ቡር ከኋላ ያሻገራትን ኳስ ቤርካምፕ በአንድ ንክኪ አብርዶ በአርጀንቲና ላይ ያስቆጠራት አለች። በ2014 ዳሊ ብሊንድ አሻግሮለት ቫን ፐርሲ በአየር ላይ ተወርውሮ በግንባሩ ስፔን ላይ ያገባት አለች። ሁለቱም ረጅም ኳስ ናቸው። ማንም ግን ጠለዛ አላላቸውም። በወንጀል ሕግ ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የሚለየው የአድራጊው ሐሳብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኳስ ላይም እንዲሁ ነው። ርዝመቷ አይደለም ጥያቄው፤ ስትነሣ የምትሄድበት ሰው ነበራት ወይ?

እዚህ ላይ ለሪፕ አንድ ነገር መመለስ አለብኝ። ሰውየው ከቆጠራቸው ነገሮች አንዱ ብዙ ግብ የሚጀምረው ተጋጣሚው ግብ አጠገብ ከተነጠቀ ኳስ መሆኑን ነበር። ዛሬ ዩርገን ክሎፕንና መሰሎቹን ያስመሰገነው በተጋጣሚ ሜዳ ጫና ማሳደር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው ግኝት ሳይታይ አርባ ዓመት ተቀመጠ፤ የተሳሳተው ግን መመሪያ ሆነ።

የኛ መመሪያ

እኛስ? እኛ መጽሐፍ አልጻፍንም፤ ግን ያልተጻፈ መመሪያ አለን። ኳስ መሬት ላይ ትሁን፣ አጭር ትሁን፣ ታምር። ሜዳዎቻችን ኮረኮንች ሆነው ይህን መምረጣችን ራሱ አንድ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ከሊስ እንኳ በ1954 የሃንጋሪውን ሆንቬድ ሲገጥም ሜዳውን ውኃ አጠጥቶ ያጨቀየው እንግዶቹ እንዳይቀባበሉ ነበር።

በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከቡርኪናፋሶ ስንጫወት ተጋጣሚያችን ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ቀርቶ ነበር። በዚያ ላይ ሦስት ተጨማሪ ግብ አግብቶ 4 ለ 0 አሸነፈን። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ሥር የተጫወተው ቡድን በቅብብሉ ብዙ ተመሰገነ። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን ደግሞ ዳዋ ሆቴሳ ገና በጠዋቱ ቀዳሚዋን ግብ አግብቶ ሳለ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከቡርኪናፋሶ 1 ለ 1 ወጣ። ያው ቡድን በሰኔ 2022 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ስለዚህ ቅብብሉ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ቁመተ ረጃጅም ተከላካዮች ባሉበት አህጉር አጥቂዎቻችንን በግንባር ታገሉ ማለትም ከንቱ ነው።

ግን ፈጣን አጥቂ ጠፍቶብን አያውቅም። ተጋጣሚው መስመሩን አውጥቶ ሲጫነን ከኋላው ሠላሳ ሜትር ባዶ ሜዳ ይተዋል። የኛ ተከላካይ ያን ሜዳ እያየ በራሱ ግብ አፍ ላይ ለጎኑ ጓደኛ ሲያቀብል እናጨበጭባለን፤ ሲነጠቅ «ዕድል የለንም» እንላለን። በውድድር ዘመን ስንት ጊዜ በራሳችን የግብ ክልል አካባቢ ኳስ ተነጥቀን ስንቱ ግብ ሆነብን? ከኋላ መስመር ከተላኩት ረጃጅም ኳሶች ስንቶቹ ሙከራ ሆኑ? ይህን ቆጥሮ፣ ደግሞም ማካፈሉን ሳይረሳ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ቢመጣ አሠልጣኞቻችን ከመቀመጫው የሚወርድባቸውን ጩኸት የሚመልሱበት ነገር ያገኙ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ጎልማሳው ሒሳቡን እየከፈለ «ያቺ የበረኛው ኳስ ብትገባ ኖሮ ጨዋታው ያኔ አልቆ ነበር» አለ።

«ጠለዛዋ?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ እሷስ ተለክታ ነው የተመታችው» ብሎኝ ወጣ።